118 ወረቀት አርሜ ጨረስኩ፤ ውጤቱ ምን እያለኝ ነው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። 7ኛ ኤ 60 ተማሪ፣ 7ኛ ቢ 58 ተማሪ አለኝ። የኤ ሆምሩምም እኔ ነኝ። የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሚድ ከ30 ነበር፤ 20 ምርጫ፣ የቀረው 10 ማርክ ሠርተው የሚያሳዩት። ኤ በአማካይ 14፣ ቢ በአማካይ 17 አመጡ። ርዕሰ መምህሩ "ከግማሽ በታች ያመጡት ለምን በዙ? ኤስ ከቢ ለምን አነሰ?" ብለው በጽሑፍ መልስ እንድሰጥ ጠይቀውኛል። 7ኛውን ጥያቄ ከ118 ልጅ የመለሱት 14 ብቻ ናቸው። ሁለት ጊዜ ያስተማርኩት ነገር ስለሆነ አንጀቴ አርሯል።

ቀደም ሲል ደግሞ ካርድ በተሰጠ ቀን አንዲት እናት "ልጄ አምና 3ኛ ነበረች፣ ዘንድሮ 9ኛ ሆነች፤ ምን ሆና ነው?" ብለው ተቆጡኝ። ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ከኤ መጨረሻ የወጡትን 10 ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ቱቶሪያል መስጠቴ ነው። ሚድ ላይ ከ30 በአማካይ 5 ያመጡት በሚቀጥለው ቴስት ከ20 በአማካይ 6 አመጡ። ማርክ ሊስቱንና ፈተናውን ፎቶ አንስቼ ልኬያለሁ። አርሞ መመዝገብን ተምሬያለሁ፤ የተመዘገበውን ማንበብ ግን ማንም አላስተማረኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መምህርቷ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህቴ፣ የልጆቹን ስም ሸፍነሽ ስለላክሽው አመሰግናለሁ። ይህን የሚያስታውስ ብዙ ሰው አይገጥመኝም።

ከ7ኛው ጥያቄ ልጀምር። ርዕሰ መምህሩ ትንሽ ይቆዩ።

ጥያቄው "−3 − 5 ስንት ነው?" ይላል። ምርጫዎቹ ኤ. −8፣ ቢ. −2፣ ሲ. 2፣ ዲ. 8 ናቸው። ትክክለኛውን ኤን የመረጡት 14 ልጆች ናቸው። አንቺም "አልገባቸውም" ብለሽ አዘንሽ። አይፈረድብሽም። ግን እስቲ አስቢው፤ 118ቱም ልጆች ጥያቄውን ሳያነቡ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢያከብቡ ከአራት አንዱ ያገኘው ነበር። ወደ 30 ልጅ ማለት ነው። የአንቺ ልጆች ከዚያ በግማሽ ያነሱ ናቸው።

ምንም የማያውቅ ክፍል እንዲህ አይሳሳትም። የማያውቅ ልጅ ይገምታል፤ የገመተ ደግሞ አንዳንዴ ያገኛል። ይህን ያህል ልጅ ከትክክለኛው መልስ የሚሸሸው ሌላ መልስ ሲጎትተው ነው። ልጆችሽ የተሳሳቱት ተማምነው ነው። በመምህርነት ሥራ ውስጥ ይህን ያህል ጠቃሚ መረጃ በአንድ ጥያቄ ላይ ማግኘት ብርቅ ነው፤ አንቺ ግን አንጀቴ አረረ ብለሽ አልፈሽዋል።

የጎተታቸው ምን እንደሆነ ማርክ ሊስቱ አይነግርሽም። እሱ የሚያውቀው ራይትና ኤክስ ብቻ ነው። ወረቀቶቹን መልሰሽ አውጪና የትኛውን እንዳከበቡ ቁጠሪ።

ዲን፣ ማለትም 8ን የመረጠው ከበዛ፣ ነገሩ "ማይነስ በማይነስ ፕላስ" ነው። ይህን አባባል ከአንቺ ሰምተውት ይሆናል፣ ወይም ከታላቅ ወንድማቸው። አባባሉ ለማባዛት ይሠራል። ልጁ ግን ሁለት ማይነስ ባየበት ሁሉ ይለጥፈዋል። እንግዲህ ሁለት ጊዜ አስተማርኩ ባልሽው ጊዜ ሕጉን ደግመሽላቸው ከሆነ፣ ስህተቱንም አብረሽ አጠንክረሽው ይሆናል። ለሦስተኛ ጊዜ በዚያው መንገድ አትሂጂ። −3 × −5ን እና −3 − 5ን ጎን ለጎን ሰሌዳው ላይ ጻፊና ልዩነቱን እነሱ ይናገሩ። ባለሱቁ ጋ የ3 ብር ዱቤ ያለበት ልጅ ሌላ የ5 ብር ዱቤ ቢወስድ ባለዕዳ ሆኖ ይቀራል ወይስ 8 ብር ኪሱ ይገባል ብለሽ ጠይቂያቸው። ሳቁን ትሰሚዋለሽ።

ቢን የመረጠው ከበዛ ግን መንገዱ ሌላ ነው። −2 ያለ ልጅ የመጀመሪያዋን ማይነስ ዘሏት 3 − 5 ነው የሠራው። አሉታዊ ቁጥር መኖሩን አምኗል፤ ምልክት መያዝ ነው የጎደለው። 2 ያለው ደግሞ ከታች ክፍል ይዞት የመጣው "ትንሹን ከትልቁ ቀንስ" የሚል ልማድ አልለቀቀውም። ለእነዚህ ስለ "ማይነስ በማይነስ" ብታወሪ ጭራሽ ታደናግሪያቸዋለሽ። የቁጥር መስመር ሥዪና እየተራመዱ ያሳዩሽ። አየሽ፣ ሦስቱም ልጆች ማርክ ሊስቱ ላይ እኩል ዜሮ ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ትምህርት ግን ለየቅል ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ። ከመደምደምሽ በፊት የመቀመጫቸውን ነገር እይ። በአንድ ዴስክ ሦስት ልጅ በሚቀመጥበት ክፍል ተመሳሳይ የተሳሳተ መልስ ሁልጊዜ ተመሳሳይ አስተሳሰብ ማለት አይደለም። ስህተቱ ዴስክ በዴስክ የሚሄድ ከሆነ ያየሽው ኩረጃ ነው። በክፍሉ ሁሉ ከተበተነ ግን የእውነት ነው። በሚቀጥለው የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ቀይረሽ በሁለት ኮድ ብታወጪው ይህ ራስ ምታት ይቀንስልሻል።

"ለ20 ጥያቄ 118 ወረቀት እንዲህ ልቆጥር?" እንደምትይ አውቃለሁ። አያስፈልግም። የሁለቱንም ክፍል ወረቀት በውጤት ደርድሪና ከላይ 32፣ ከታች 32 ውሰጂ። የመሐሉን ተዪው። ይህ ከራሴ ያመጣሁት አይደለም፤ ትሩማን ኬሊ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1939 ከላይና ከታች 27 በመቶውን ማነጻጸር እንደሚሻል በስሌት አሳይቷል። ቡድኖቹ በደንብ እንዲራራቁም፣ ቁጥራቸው እንዳያንስም የሚያመቻች ልክ ነው። ከ118 ላይ 32 የሚሆነው ለዚህ ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ላይኞቹ ስንት አገኙ፣ ታችኞቹ ስንት አገኙ ብለሽ ጻፊ።

ላይኞቹ በብዛት ያገኙት፣ ታችኞቹ የሳቱት ጥያቄ ሥራውን ሠርቷል። ሁሉም ያገኘው ጥያቄም ክፋት የለውም፤ የተማሩትን ነገር ያረጋግጥልሻል። ታችኞቹ አግኝተውት ላይኞቹ የሳቱትን ካየሽ ግን ልጆቹን ትተሽ በመጀመሪያ የመልስ ቁልፍሽን አውጪ። እኔ ፈተናሽን ሳነበው 16ኛው ላይ ቆሜያለሁ። "50 በመቶ ከየትኛው ጋር እኩል ነው?" ይላል። ቢ 0.5 ነው፣ ዲ ደግሞ 1/2። ቁልፍሽ ዲን ብቻ ነው የያዘው። ቢን የመረጡት ልጆች ምን አጠፉ? ሌላ ነገር ከማድረግሽ በፊት ማርካቸውን መልሺላቸው። ስትመልሺም ክፍል ውስጥ በግልጽ ተናግረሽ ይሁን።

12ኛው ጥያቄም አለ። ልጆቹ አምና 6ኛ ክፍል ሒሳብን በአማርኛ ነበር የተማሩት። ዘንድሮ በእንግሊዝኛ ሆኗል። 12ኛው "ፋይቭ ለስ ዛን ኤ ነምበር ኢዝ ትዌልቭ" የሚል ነው። እንግሊዝኛው 5ን ስላስቀደመ ልጁም እንዳየው 5 ሲቀነስ ኤክስ ብሎ ይጽፋል። ከሳቱት ልጆች መካከል አምስት ጠርተሽ በአማርኛ ጠይቂያቸው፦ "ከአንድ ቁጥር ላይ 5 ብንቀንስ 12 ቀረ፤ ቁጥሩ ስንት ነው?" ወዲያው "17!" ካሉሽ ሒሳቡን ያውቁታል። የወደቁት እንግሊዝኛ ነው። ማርክ ሊስቱ ላይ ግን "ሒሳብ" በሚለው ዓምድ ሥር ነው የሰፈረባቸው። 7ኛ ክፍል የሚያስተምር ሰው ሁሉ ቢያንስ የቃላት ጥያቄዎችን እንዲህ ቢፈትሽ ደስ ይለኛል። እንደኔ ግምት በዚህ ክፍል ላይ "ሒሳብ አይችልም" የሚባል ብዙ ልጅ የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ርዕሰ መምህሩ።

ኤ 14፣ ቢ 17። ብዙ ሰው "ሦስት ነጥብ ምን አላት" ሊልሽ ይችላል። እኔ አልልሽም። አንድ ልጅ በ3 ነጥብ ከፍ ዝቅ ቢል ምንም ላይሆን ይችላል፤ የ60 ልጅ አማካይ በ58 ልጅ አማካይ በ3 ነጥብ ሲበለጥ ግን ከአጋጣሚ ያለፈ ነገር አለ። ነገሩ ምን እንደሆነ ነው አማካዩ የሚደብቀው። ማርክ ሊስትሽን ደርድሬ አየሁት። ኤ ውስጥ 11 እና ከዚያ በታች ያመጡ 33 ልጆች አሉ። ከ19 እስከ 27 ያመጡ ደግሞ 22። ከ12 እስከ 18 ያለው መሐል ላይ የቀሩት 5 ብቻ ናቸው። እንግዲህ አማካዩ 14 ነው፤ 14 አካባቢ ግን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስልሳዎቹን አሰልፈሽ 30ኛውን ልጅ ብትጠሪው ውጤቱ ከ11 አይበልጥም። ቢ ግን አብዛኛው ከ14 እስከ 20 ተሰብስቧል።

ስለዚህ ኤ ደካማ ክፍል አይደለም። ኤ ሁለት ክፍል ነው፣ በአንድ ግድግዳ ውስጥ። በጎበዞቹ ልክ ብታስተምሪ 33ቱ ይጠፋሉ፤ በ33ቱ ልክ ብታስተምሪ ሌሎቹ ያዛጋሉ። ምናልባት አንቺ 14ን እያሰብሽ ለሌለ ልጅ ስታስተምሪ ነበር። ይህ ለሁለት መከፈል ከየት እንደመጣ ግን ማርክ ሊስቱ አይመልስም። ሆምሩም ስለሆንሽ የምትጠይቂውን ታውቂያለሽ፤ ከየት ትምህርት ቤት ነው የመጡት? 6ኛን በምን ቋንቋ ተማሩ? ዘግይቶ የተመዘገበ አለ? መጽሐፍ የሌለው ስንት ነው? ከቤት ሳይበላ የሚመጣውስ?

ለርዕሰ መምህሩ ሪፖርት ስትጽፊ አማካዩን ብቻ አትስጫቸው። ከ0 እስከ 5፣ ከ6 እስከ 11፣ ከ12 እስከ 18 እያልሽ ስንት ስንት ልጅ እንዳለ የሚያሳይ ትንሽ ሰንጠረዥ ሥሪላቸው። አንድ ገጽ አይሞላም። ከሥሩ "ለታችኛው ቡድን ይህን አደርጋለሁ፤ ከትምህርት ቤቱ ይህ ያስፈልገኛል" ብለሽ ጻፊ። "ኤ ለምን አነሰ" ከሚለው ክርክር ወደ ሥራ የምትወጪው በዚህ ነው።

"ከግማሽ በታች" የሚለው ነገር ላይ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ትዕግሥቴ አጭር ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገሩ ሁሉ ታመሰ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4 ሆነ። አስደንጋጭ ነው፣ መደንገጥም ነበረብን። ነገር ግን ያ ቁጥር መስመሩን ስንት ሰው እንደተሻገረ ነው የሚናገረው። 49 ያመጣውና 15 ያመጣው ከመስመሩ በታች አንድ ላይ ናቸው። የትኛውን ምዕራፍ እንደሳቱ ከዚያ ቁጥር ማንም ሊያነብ አይችልም። ከቀድሞ ዓመታት ጋር ማወዳደሩም ቀላል አይደለም፤ ከ2014 ጀምሮ ተፈታኞቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ነው የተፈተኑት፣ አፈታተኑ ራሱ ተለውጧል። የአንቺም 15 ከ30 እንዲሁ ነው። ምርጫው ብቻ 20 ማርክ ነው፤ በጭፍን ያከበበ ልጅ በአማካይ 5 ያገኛል፣ ከአምስት እንዲህ ካሉ ልጆች አራቱ ከ3 እስከ 7 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። በሌላ አነጋገር 7 ያመጣውን 5 ካመጣው አስበልጠሽ ማየት አትችዪም። ሁለቱም ምን እንደሚያውቁ ገና አልነገሩሽም። እነሱን ለማወቅ የሠርተው ማሳያውን ክፍል አንብቢ። ባዶ የተወና ግማሽ መንገድ ሄዶ የቆመ ልጅ እኩል ዜሮ ቢኖራቸውም አንድ አይደሉም።

የእናትየዋ ነገር ቀላል ነው። ቁጣቸውን ተረጂላቸው፤ እኛ አገር ካርድ ይዞ የሚገባ ልጅ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ስንተኛ ወጣሽ?" ነው። ሮስተሩን አውጪና የአምናውንና የዘንድሮውን አማካይ አሳዪያቸው። ከ3ኛ እስከ 10ኛ ያሉት ብዙ ጊዜ በአንድና በሁለት ነጥብ የተጠጋጉ ናቸው፤ የልጅቷ አማካይ ሳይነካ ደረጃዋ ሊወርድ ይችላል። አብረዋት የሚወዳደሩት ልጆች የአምናዎቹ አይደሉም፣ የትምህርቱም ቋንቋ ተቀይሯል። አማካዩ እውነትም ወርዶ ከሆነ ደግሞ የትኛው ትምህርት ላይ እንደወረደ አብራችሁ እዩ። "እማማ፣ ደረጃዋን ተዉትና ይህን ወረቀት አብረን እንየው" ብትያቸው ይሰሙሻል።

ቱቶሪያሉ ላይ ግን ደስታሽን ትንሽ ልቀንስብሽ ነው።

ከ30 ላይ 5 በመቶኛ ሲታይ 17 ገደማ ነው። ከ20 ላይ 6 ደግሞ 30 ነው። ጥሩ ጭማሪ ይመስላል። ግን ልጆቹን የመረጥሻቸው በዚያች ቀን ከሁሉ ስለወረዱ ነው። ከነሱ መካከል በእርግጥ የሚቸገር አለ። ያን ዕለት አሞት የነበረ፣ ቤት ውስጥ ተጣልተው ያደረ፣ ሲገምት ዕድል የጠመመበትም አለ። እነዚህ በሚቀጥለው ፈተና አንቺ ምንም ባታደርጊም ከፍ ይላሉ። በኢኮኖሚክስ የ2002 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ዳንኤል ካነማን ይህን የሚያሳይ ታሪክ አለው። በወጣትነቱ የእስራኤል አየር ኃይል አብራሪ አሠልጣኞችን ሲያስተምር "ከቅጣት ምስጋና ይሻላል" አላቸው። አንዱ አሠልጣኝ ተነሥቶ ተከራከረው፤ ጥሩ የበረረውን ሳመሰግነው በሚቀጥለው ይበላሻል፣ ያበላሸውን ስጮህበት ግን ይሻሻላል አለ። ካነማን ነገሩ ገባው። በጣም ጥሩ ከሆነ በረራ ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ መካከለኛ ነው፤ በጣም መጥፎ ከሆነውም ቀጥሎ እንዲሁ። ጩኸቱም ምስጋናውም እምብዛም አልነበሩበትም። እኛም ጋ "አለንጋ ካላሳየሃቸው አያጠኑም" የሚለው እምነት በከፊል ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ቱቶሪያልሽ አልሠራም አላልኩም። መሥራቱን ገና አላወቅሽም ነው የምለው። ለማወቅ ግን የሚያስፈልግሽ እጅሽ ላይ አለ። ቢ ክፍል ውስጥ ሚድ ላይ ከሁሉ የወረዱትን 10 ልጆች ውሰጂ፤ ቱቶሪያል አልወሰዱም። እነሱ በዚያው ቴስት ስንት አመጡ? እነሱም ወደ 30 በመቶ ከወጡ ቴስቱ ቀሎ ነው፣ ወይም ነገሩ በራሱ የሚመጣ መመለስ ነው። እነሱ እዚያው ቀርተው የአንቺዎቹ ከወጡ ግን ቅዳሜሽ በከንቱ አልሄደም። ሁለቱ ቡድኖች ፍጹም አንድ ዓይነት አይደሉም፣ የቢዎቹ መነሻቸውም ከፍ ሊል ይችላል፤ ያም ሆኖ ምንም ካለማወዳደር ይሻላል።

ቱቶሪያሉን ስትቀጥዪ ደግሞ አመራረጡን ቀይሪው። "የመጨረሻ 10" ብለሽ አትጥሪያቸው፤ ስሙም ያሸማቅቃል። 7ኛው ላይ 8 ያከበቡትን አንድ ቅዳሜ፣ −2ን እና 2ን ያከበቡትን ሌላ ቅዳሜ፣ 12ኛውን በአማርኛ የመለሱትን ደግሞ ከእንግሊዝኛ መምህሯ ጋር ተነጋግረሽ በሌላ ቀን ጥሪ። ከ22ቱ ጎበዞች መካከልም 8ን ያከበበ ይኖራል፤ እሱም ይምጣ።